በታንኳ የሚደረስበት ትምህርት ቤት፤ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ ሕይወት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚያቀና መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ በስተቀኙ በኮረብቶች የታቀፈ ሰፊ ውኃ ይጠብቀዋል። አጠገቡ የተቆረቆረችው ከተማ ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ውኃ ነው፤ ሐይቅ ትባላለች። ሎጎ ሐይቅ እየተባለም የሚጠራው ይህ ውኃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ሥፍራ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ማለዳ ከዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ዓሣ አስጋሪዎች በታንኳቸው ላይ ተቀምጠው መረባቸውን ሲሰበስቡ ይታያሉ። እዚያው አጠገብ ደግሞ በዛፍ የተሸፈነ መሬት ወደ ውኃው ገባ ብሎ ይታያል። ስመ ጥሩው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚያ ነው።

ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግር ይገባል። የቀድሞው ደሴት ከየብስ ጋር ተያይዞ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗልና። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። እዚያ ለመድረስ የፈለገ ሁሉ፣ መነኩሴም ይሁን ተማሪ፣ መኳንንትም ይሁን ነጋዴ፣ ውኃውን መሻገር ነበረበት። መሻገሪያውም በዳር ከሚበቅለው ደንገልና ፊላ የሚሠራ፣ አንድ ሰው ተሸክሞ ወደ የብስ ሊያወጣው የሚችል ቀላል ነገር ነበር። ይህን ውኃ ተሻግረው ከገቡት ሰዎች መካከል አንዱ የኢትዮጵያን የትምህርት፣ የምንኩስናና የቤተ መንግሥት ታሪክ በብርቱ ቀይረውታል። እኚህ ሰው አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ከውኃውና ከውኃው ዕቃ ተለይቶ ሊነገር አይችልም።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በገመድ የሚወጣበት ገዳም

አባ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በ1214 ገደማ፣ ዳህና በሚባለው አገር ነው። የዳህና ስም ዛሬም በዋግ ኽምራ የወረዳ መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። ዘመኑ የዛጉዌ ነገሥታት የሚገዙበት፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሥራ ገና ከሰው አፍ ያልጠፋበት ነበር። ስማቸው በግዕዝ ኢየሱስ አሸነፈ ማለት ነው።

ወጣት ሳሉ ምንኩስናን ፈልገው ወደ ሰሜን ተጓዙ። የደረሱትም በትግራይ ወደሚገኘው ወደ ደብረ ዳሞ ነው። ደብረ ዳሞ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ የሚነገርለት፣ ዙሪያውን ገደል የሆነ አምባ ላይ ያለ ገዳም ነው። መግቢያው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ደረጃ አይደለም። ከላይ በሚወረወር የጠፍር ገመድ ገደሉን እየረገጡ መውጣት ብቻ ነው።

የገመዱን ነገር ችላ ብሎ ማለፍ አይገባም። የገዳሙ ሰላም በገመዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገመዱን የያዘ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ይወስናል። ገመዱ ከተበጠሰ ሰው ይሞታል፤ ገመዱ ካልተጠበቀ ገዳሙ ይደፈራል። ስለዚህ ጠፍሩን መምረጥ፣ እንዳይበሰብስ መጠበቅና በአግባቡ መጠቀም ለመነኮሳቱ የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። ኢየሱስ ሞዓ በዚህ አምባ ላይ በመምህሩ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ሰባት ዓመት አሳልፈዋል። የምንኩስናን ሥርዓትና የመጻሕፍትን ትምህርት የቀሰሙትም በዚያ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ ከዳሞ ተነሥተው ወደ ደቡብ፣ ወደ አምሐራ ምድር ወረዱ። ገድላቸው መልአኩ ገብርኤል መንገዱን እንደመራቸው ይተርካል። በ1248 ገደማ ከሐይቁ ዳር ደረሱ። ከገደሉ ገዳም ወደ ውኃው ገዳም፣ ከገመድ ወደ ታንኳ የተሸጋገሩት በዚህ ዓይነት ነው።

ደሴቱ ከእሳቸው በፊት

ሐይቅ እስጢፋኖስ የተጀመረው በእሳቸው አይደለም። የገዳሙ ትውፊት ምሥረታውን ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወደ ጳጳሱ አባ ሰላማና ወደ ንጉሡ ድልነዓድ ይወስደዋል። ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ደግሞ የአካባቢው ሰው የሚያወጋው ሌላ ታሪክ አለ። አንዲት እርጉዝ ሴት በአንዲት ልዕልት ክፉኛ ተበደለች፤ አምላክም በቁጣው በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ወደ ውኃ ለወጠው፤ ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይባላል። ተረቱ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚያስረዳው ባይኖርም ሰው ስለ ደሴቱ ያለውን ስሜት ግን በሚገባ ያስረዳል። ውኃው ለተበደለ መጠጊያ፣ ለበዳይ ደግሞ ዕንቅፋት ነው።

ኢየሱስ ሞዓ ሲደርሱ በደሴቱ ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንና ጥቂት ማኅበረሰብ ነበር። እንደ ገድላቸው አተራረክ በዚያን ጊዜ ወንዶችም ሴቶችም በደሴቱ ይኖሩ ነበር። እሳቸው ግን ከዳሞ ያመጡትን ጥብቅ የምንኩስና ሥርዓት ተከሉ። ሴቶች ወደ ገዳሙ እንዳይገቡ የሚከለክለው ደንብም እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ከዚያም ትምህርት ቤት ከፈቱ። የታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት እንዳስረዱት ቀደም ሲል ለከፍተኛ የገዳም ትምህርት ወደ ሰሜን ርቀው መጓዝ የነበረባቸው የአምሐራና የሸዋ ወጣቶች በቅርብ ትልቅ መምህር አገኙ። የሐይቅ ደሴት በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የመጀመሪያው ታላቅ የትምህርት ማዕከል ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቅልና ደንገል

እንግዲህ እነዚያ ተማሪዎች በምን ተሻገሩ? በሐይቅ ስለነበረው የውኃ ዕቃ ጥሩ መግለጫ የምናገኘው ከኢየሱስ ሞዓ 200 ዓመት በላይ ዘግይቶ ከመጣ እንግዳ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የሐይቁን ገዳም፣ ብዛት ያላቸውን መነኮሳቱንና የሎሚና የትርንጎ ተክሉን አይቶ ጽፏል። በውኃው ውስጥ ጉማሬ መኖሩንም አልዘነጋም። ከሁሉ ይልቅ ግን ዓይኑን የሳበው መሻገሪያው ነበር። እንጨት ይነጠፋል፤ በላዩ ላይ ፊላ በሥርዓቱ ይደረደራል፤ እንደገና በሌላ እንጨት ተጨቁኖ በጠንካራው ይታሰራል፤ በአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ትልቅ ቅል ይታሰርበታል። ከመርከበኞች አገር ለመጣው አልቫሬስ ይህ መርከብ መሥራት የማያውቁ ሰዎች ዘዴ ሆኖ ታይቶታል።

አልቫሬስ የፈረደው በአገሩ ሚዛን ነው። ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል እንዲሉ፣ የሐይቁ ሰው የመረጠው ለሐይቁ የሚሆነውን ነበር። ቅሉ ውስጡ ባዶ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ አየሩም ሸክሙን ያንሳፍፋል። ዛሬ ለዋና ተማሪ የሚሰጠው ተንሳፋፊ ሰሌዳና ሰውን ከመስጠም የሚያድነው ጃኬት የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ፊላና ደንገልም እንደዚሁ ነው። ውስጣቸው እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ነው። ተቆርጠው በፀሐይ ሲደርቁ ይቀልላሉ፤ ሲታሰሩም ይጠነክራሉ።

የታንኳ ሙያ የሚጀምረው ከመረጣ ነው። ለታንኳ የሚሆነው ደንገል ለጋው ሳይሆን የጎለመሰው፣ ረዘም ያለውና ያልተሰበረው ነው። ከታጨደ በኋላ ይሰጣል። እርጥበት ከያዘ ይከብዳል፤ ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። ቀጥሎ በነዶ በነዶ ተደርጎ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም እርስ በርሳቸው ይጣመራሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና እንዲል ይደረጋል። ክፍተት ካለ ውኃው ነዶውን ይፈታዋልና እስሩ ላይ ጉልበት አይቆጠብም።

ሁለተኛው ነገር አያያዙ ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ የዋለ ታንኳ ማታ ሲወጣ ከጠዋቱ ይከብዳል። እዚያው ውኃው ላይ ከታደረ በጥቂት ጊዜ ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን እንደጨረሰ ወደ ዳር ይጎትተዋል፤ ውኃው እንዲንጠፈጠፍና ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ያቆመዋል። በጣና ዳርም በሐይቅ ዳርም ታንኳ ቆሞ ሲታይ ለጌጥ አይደለም፤ እየደረቀ ነው። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄም ቢሆን አንድ ታንኳ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ቢያገለግል ነው። ከዚያ ሌላ ይታሰራል። በዚህ ምክንያት የታንኳ ባለቤት መሆን ማለት ታንኳ ማሰር መቻል ማለት ነው።

ሦስተኛው አጠቃቀሙ ነው። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው መካከሉን ይይዛል፤ ጠርዙን አይረግጥም። ከታች የሚሰርገው ውኃ ጭነቱን እንዳያበሰብስ ዕቃው ከፍ ባለ የደንገል ንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ጉዞው በማለዳ ነው፤ ነፋሱ ሲነሣና ማዕበሉ ሲበረታ አስተዋይ ሰው ከዳር ይሆናል።

የሚገርመው ይህ ሙያ ከሐይቅና ከጣና ተሻግሮ በሌላው የዓለም ዳር ወንድም ያለው መሆኑ ነው። በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ የሁዋንቻኮ ጠረፍ ዓሣ አስጋሪዎች ቶቶራ ከተባለ ሸንበቆ መሰል ተክል አፍንጫው ቀና ያለ ታንኳ ያስራሉ። ከሥራ ሲመለሱ በማዕበሉ ላይ ተንሸራትተው ወደ ዳር ይመጣሉ። ይህንንም በማየት ዛሬ በውቅያኖስ ዳር ወጣቶች በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡበት ሰርፊንግ የተባለው ስፖርት አንድ ጥንታዊ ምንጭ እዚያ ነው የሚሉ አሉ። እነዚያ አስጋሪዎችም ታንኳቸውን ከውኃ ካወጡ በኋላ ልክ እንደኛዎቹ አሸዋው ላይ አቁመው ያደርቁታል። ማንም ከማንም ሳይማር ተመሳሳይ ዕቃ ተመሳሳይ ጥንቃቄ አስተምሯል።

ብርዕና ብራና

ወደ አባ ኢየሱስ ሞዓ እንመለስ። እሳቸው በደሴቱ ላይ ካሳለፉት 45 ዓመት ያህል ዘመን ዋናው ቅርሳቸው መጽሐፍ ነው። ሐይቅ ገዳም ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው፣ በእሳቸው የተበረከተ አራቱ ወንጌል አለ። ጊዜው 1280 ወይም 1281 እንደሆነ በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ጽሑፍ ተሰልቷል። ይህም ዘመናቸው ከታወቁት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል እጅግ ቀደምት ከሆኑት ተርታ ያሰልፈዋል። በውስጡ የኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለ። ከዚህም ሌላ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። ዝርዝሩ ከ80 የሚበልጡ መጻሕፍትን የሚቆጥር ሲሆን፣ በአገራችን ከሚታወቁት የቤተ መጻሕፍት መዝገቦች ሁሉ ጥንታዊው እንደሆነ ይታመናል።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከ80 በላይ መጽሐፍ በአንድ ደሴት ላይ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳ ይጠይቃል። ቆዳው ይታጠባል፤ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ይደርቃል። ቀለሙ ከጥላሸትና ከቅጠላ ቅጠል ይበጠበጣል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ወራት ይቀመጣል። ሲያልቅም ጥንቃቄው አያበቃም። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ይከተታል፤ ምስጥና አይጥ እንዳይደርስበት፣ እርጥበትም እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። በውኃ በተከበበ ደሴት ላይ እርጥበትን መከላከል ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም።

እዚህ ላይ ታንኳውና መጽሐፉ ይገናኛሉ። አንዱ የሚቆመው፣ አንዱ የሚንጠለጠለው በአንድ ምክንያት ነው፤ ከእርጥበት ለማዳን። አንዱ በዓመት ያረጃል፣ ሌላው ከ700 ዓመት በላይ ኖሯል። ሆኖም ያለዚያ የዓመት ዕድሜ ያለው ታንኳ ይህ የ700 ዓመት መጽሐፍ ሊኖር አይችልም ነበር። ብራናው ከየብስ ወደ ደሴቱ የመጣው ውኃውን ተሻግሮ ነው፤ ተማሪውም እንደዚሁ። መጽሐፉን ከዘራፊ የጠበቀውም ታንኳ የሌለው ሰው እንዳይሻገር የከለከለው ያው ውኃ ነው።

ከሐይቅ የወጡ ደቀ መዛሙርት

የመምህር ታላቅነት በተማሪው ይታወቃል። ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሁሉ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ተነሥተው፣ ቀደም ሲልም በአምሐራ ከአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ ቆይተው ወደ ሐይቅ መጡ። ገድላቸው መልአኩ ሚካኤል እየመራቸው ውኃውን እንደ የብስ በእግራቸው ረግጠው እንደተሻገሩ ይተርካል። ለምእመናን ይህ የቅድስና ምልክት ነው። ታሪኩን ከሌላ ወገን ለሚመለከት አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ወደ ሐይቅ መግባት ማለት ውኃውን መሻገር መሆኑን፣ ያለ ታንኳ መሻገርም እንደ ታላቅ ተአምር የሚቆጠር መሆኑን።

ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ያህል ከተማሩ በኋላ መምህራቸው ወደተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ። ተማሪው የመምህሩን መንገድ ወደ ኋላ ተከተሉት ማለት ነው። በኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው በ1284 ገደማ ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህ ገዳም ዛሬ ደብረ ሊባኖስ እየተባለ የሚጠራው ነው።

ሌላው ደቀ መዝሙር አባ ኂሩተ አምላክ ናቸው። እሳቸው ወደ ምዕራብ ሄደው በጣና ደሴት ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ። የገዳሙን ስም ልብ ይሏል፤ እንደ ሐይቅ ሁሉ የቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ቦታውም እንደ ሐይቅ ሁሉ በታንኳ ብቻ ይደረስበት የነበረ ደሴት ነው። መምህራቸው በሐይቅ የተከሉት ሥርዓት፣ ማለትም በውኃ የተከበበ ትምህርት ቤትና በውኃ የተከበበ ቤተ መጻሕፍት፣ በጣና ላይ ሌላ ሕይወት አገኘ። ዳጋ በኋለኞቹ ዘመናት የነገሥታት አስከሬንና የከበሩ መጻሕፍት ማረፊያ መሆኑ የታወቀ ነው።

ከኢየሱስ ሞዓ ዕረፍት በኋላም ሐይቅ መማሪያነቱን አላቋረጠም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተነሡት ታላቁ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የተማሩት በዚሁ ደሴት ነው።

ዓቃቤ ሰዓት

የአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም ከቤተ መንግሥት ታሪክም ጋር የተሳሰረ ነው። በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት አስወግዶ ነገሠ። የሐይቅ ትውፊት ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በገዳሙ እንዳደገና በኢየሱስ ሞዓ እጅ እንደተማረ፣ ወደ ዙፋን ሲወጣም የመምህሩ ምክርና ድጋፍ እንዳልተለየው ይናገራል። የደብረ ሊባኖስ ወገን በበኩሉ ይህን ድርሻ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ሁለቱ ገዳማት በዚህ ጉዳይ ለዘመናት ተከራክረዋል። የማያከራክረው አንድ ነገር ግን አለ፤ የሐይቁ አበ ምኔት ዓቃቤ ሰዓት የተሰኘውን ታላቅ የቤተ መንግሥት ማዕረግ መያዛቸው ነው።

ዓቃቤ ሰዓት ማለት የሰዓት ጠባቂ ማለት ሲሆን፣ ባለ ማዕረጉ ከንጉሡ ቅርብ አማካሪዎች አንዱ ነበሩ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዓቃቤ ሰዓት የነበሩት አምኃ ጽዮን በቤተ መንግሥቱ የነበራቸው ኃይል በታሪክ ይታወቃል። በዓመት አንዴ በሚታደስ የደንገል ታንኳ የሚደረስበት ገዳም የአገሪቱን ከፍተኛ ባለሥልጣን ይሰጥ የነበረ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ያረፉት በ1293 ሲሆን፣ ኅዳር 26 ቀን በየዓመቱ መታሰቢያቸው ይከበራል።

ውኃው በተደፈረ ጊዜ

የሐይቅ ትልቁ ፈተና የመጣው ከእሳቸው ዕረፍት 240 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1531 እና በ1532 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ወደ አምሐራ ምድር ገባ። በጊዜው የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። ጦሩ ወደ ሐይቅም ደረሰ። የኢማሙን ዘመቻ የዘገበው ፉቱሕ አል-ሐበሻ እንደሚተርከው በዳር የቆመው ኃያል ጦር በውኃው ፊት ለጊዜው ተገታ። ፈረስ እዚህ አይረዳም፤ ሰይፍም አያሻግርም። ወታደሮቹ መሻገሪያ ታንኳ ወደ መሥራት ገቡ።

በመጨረሻ ነገሩ በድርድር አለቀ። መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያናቸው እንዳይቃጠል የገዳሙን ወርቅና ብር አስረከቡ። ሀብቱ ሄደ፤ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ግን ተረፈ። ውኃው ጦሩን ለዘለዓለም ባያግደውም ለመደራደር የሚበቃ ጊዜ ሰጣቸው። ውኃ ባይኖር ኖሮ ያ ወንጌል እንደ ሌሎቹ አመድ በሆነ ነበር ማለት ይቻላል።

ያው ወንጌል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሌላ ዓይነት ጥበቃ አገኘ። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማንሣት በ1970ዎቹ በተጀመረው ሥራ ቁጥር 1832 ተሰጥቶት ተቀረጸ። ቅጂው አዲስ አበባና አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ይገኛል። ተመራማሪዎች ስለ ጥንቱ የሐይቅ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ሊጽፉ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬስ?

ዛሬ ሐይቅ የተለወጠ አካባቢ ነው። ጉማሬው በአልቫሬስ ጽሑፍ ውስጥ ቀርቷል። በ1970ዎቹ ቆሮሶ ወደ ሐይቁ ከተጨመረ ወዲህ ዓሣ ማስገር ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል። ከደሴና ከኮምቦልቻ በዕረፍት ቀን የሚመጣው እንግዳ ዓሣ በልቶ፣ ዳር ዳሩን በታንኳ ተንሸራሽሮ ይመለሳል። የአምባሰል ተራሮች በሰሜን ይታያሉ፤ ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች አንዱ ስሙን የወሰደው ከእነሱ ነው።

የቀድሞው ደሴት ከየብስ ጋር ተያይዟልና አሁን ገዳሙን የሚጠብቀው ውኃ አይደለም። በ2021 መገባደጃ ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን በደረሰበት ጊዜ ብዙዎች ስለ ቅርሱ የሰጉት በከንቱ አልነበረም። የኢየሱስ ሞዓ ዘመን ዘራፊ ታንኳ ማግኘት ነበረበት፤ የዛሬው መኪና ይበቃዋል። ስለዚህ ውኃው ይሠራ የነበረውን የጥበቃ ሥራ መሥራት ያለበት ሰው ነው።

ታንኳውም ቢሆን ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደለም። በጣናም ሆነ በሌሎች ሐይቆች የሞተር ጀልባና በፋብሪካ የተሠሩ ጀልባዎች እየበዙ ነው። የሚበረታታ ነው፤ ሕይወት ያተርፋል። ነገር ግን ደንገል መርጦ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳ የሚያወጣው ሽማግሌ ሙያውን ሳያስተላልፍ ካለፈ ሙያው ተጽፎ የተቀመጠበት ብራና የለም። የሐይቁ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎላቸዋል፤ የታንኳው ዕውቀት ያለው በእጅ ላይ ብቻ ነው። የዳሩ ፊላና ደንገል ለእርሻ እየተመነጠረ ካለቀ ደግሞ ሙያተኛው ቢኖርም የሚያስረው አያገኝም።

ለመዝናናት ወደ ሐይቅ የሚወርድ እንግዳም ከዚህ የሚማረው አያጣም። በሚሳፈርበት ታንኳ ላይ ከመቀመጡ በፊት ነዶው የጠበቀ፣ አካሉም የደረቀ መሆኑን ይመልከት፤ ከብዶ ውኃ የጠጣ ታንኳ ዕረፍት የሚገባው ነው። በማለዳ ይውጣ፤ ነፋስ ሲነሣ ይመለስ። መካከሉን ይዞ ይቀመጥ፤ ዋና የማይችል ከሆነ ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት አይሣፈር። ከሐይቁ በታች 80 ሜትር ጥልቀት እንዳለ አይዘንጋ። ሲወርድም ባለ ታንኳውን አግዞ ታንኳውን ያቁምለት።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ከዳሞ ገመድ ወደ ሐይቅ ታንኳ ሲሻገሩ ይዘውት የመጡት ሀብት አልነበረም። የመጠበቅ ልማድ ነው። ገመድ ካልተጠበቀ ይበጠሳል፤ ታንኳ ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ መጽሐፍ ካልተንጠለጠለ በምስጥ ይበላል፤ ትምህርትም ለደቀ መዝሙር ካልተላለፈ ከመምህሩ ጋር ይቀበራል። እሳቸው አራቱንም ያውቁ ነበር። ስማቸው ከ700 ዓመት በላይ ተጠብቆ እኛ ዘንድ የደረሰው በዚህ ነው። ከእኛ ወደ ልጆቻችን መሻገሩ ደግሞ ዛሬ ታንኳውን ማን እንደሚያስር፣ ማንስ እንደሚያደርቅ ይወሰናል።